ባቡር ወለል ላይ የምትቀመጠው ሌንሴ

የሌንሴን ሞት የነገረኝ ግርማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ በላይ ካለው ዳገት ላይ ሆኜ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ እየጠረግኩ ነበር። የካ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ክረምት ሳይገባ ቦዩን ካልጠረገ፣ የእንጦጦን አፈር መኝታ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያገኘዋል። ስልኬ ጮኸ።

“ሰማህ?” አለኝ።

“ምኑን?”

“ሌንሴ አርፋለች።”

“የትኛዋ ሌንሴ?” አልኩት።

በሕይወቴ የማውቃት ሌንሴ አንዲት ናት። ግርማም ይሄን ያውቃል። ዓመታት አብሮኝ ሐዲድ ለሐዲድ የሄደ ሰው ስለሆነ አልተቆጣኝም።

“ኩላሊቷ ነው አሉ” አለኝ። “ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚሁ እኔ ሰፈር፣ የካ አባዶ።”

“እሺ” ብዬ ዘጋሁት። ወደ ቀብሩ አልሄድኩም። ቦዩን ጨረስኩ።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። ሌንሴ ደግ ነበረች ለማለት አይደለም ብዕር ያነሳሁት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ነበር የማትመው። ስለዚህ በእጄ የፈረምኩት ወረቀት ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። ከእነሱ አንዱ ሌንሴ ተሳስታለች የሚል ነው። አልተሳሳተችም። ስፈርምም አልተሳሳተችም ብዬ ነው የፈረምኩት። በዚያ ወረቀት ሥራዋ ተዘጋ። አባቷ ኦቦ ቱፋ “የልጅዎ ማሽን ዋሸ አሉ” ሲባሉ የሚመልሱት አጥተው ኖሩ። አሁን ልጅቱ አፈር ገባች። እውነቱም አብሯት ይቀበራል ወይስ አይቀበርም፣ ነገሩ እሱ ነው።

መጀመሪያ ያየኋት የከተማው ባቡር በሚያድርበት ዴፖ ውስጥ ፉርጎ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ነው። ከጉልበቷ በታች ብቻ ነበር የሚታየው፤ የወንድ ሱሪ፣ ጭቃ የነካው ስኒከር። መካኒክ መሰለኝ።

“ወንድም፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ አለህ?” አልኩ።

“አለኝ። ወንድም ግን አይደለሁም” አለ ከሥር የሴት ድምፅ። ቀጥሎ መፍቻው በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ከዚያ እሷ ራሷ ወጣች። ሽበቴን ስታይ ደነገጠች። “ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁዎትም።”

“ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ሥር?”

ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የሚል ብረት አሳየችኝ፤ ከጀርባው ቀጭን ሽቦ ወጥቷል። የመንኮራኩሩ ዘንግ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ አንድ ልታስር ነው። “ሴንሰር ነው ጋሼ። መንኮራኩሩ ሲነጥር ይሰማዋል። የት ቦታ ላይ እንደነጠረም ይጽፋል። ሐዲዱ ጥሩ ካልሆነ መንኮራኩር ይነጥራል አይደል?”

“ለሐዲዱ እኛ አለንለት” አልኳት።

ሐዲድ ተመልካች ነኝ። ሥራችን ከመጀመሪያው ባቡር በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ መዶሻና መፍቻ ይዘን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በእግራችን መሄድ ነው። የላላ ብሎን እናጠብቃለን፤ ሐዲዱን በመዶሻ እየመታን ድምፁን እንሰማለን። ደህና ሐዲድ እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀ እንደ ቆርቆሮ። ይሄን ማንም በወረቀት አላስተማረኝም።

“እናንተማ አላችሁ” አለች እጇን በሱሪዋ እየጠረገች። “ግን እናንተ በሳምንት አንዴ ነው የምታልፉት። ባቡሩ በቀን ስንቴ ያልፍበታል። ሌላ አገር ሐዲድ ለመለካት ብቻ የተሠራ ባቡር አለ። እኛ የለንም። ያለን ሰው የሚጭነው ነው። እሱው እየሠራ ይለካልናል።”

ለግርማ ስነግረው “መሐንዲስ ናት እኮ፣ የኦቦ ቱፋ ልጅ” አለኝ። ኦቦ ቱፋን በስም አውቃቸው ነበር። የግርማ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ምስር ይዘሩ የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ አሁን በዚያው መሬት የሌላ ሰው በር ይጠብቃሉ። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ስለ ልጃቸው ያወራሉ አለኝ ግርማ። “‘ልጄ ባቡሩን የሚያዳምጥ ማሽን ሠራች’ ይላሉ። እኔንማ ስንቴ አቁመውኛል።”

“ገና ሳይሠራ?” አልኩ።

“አባት አይደሉ?”

ሌንሴ ከማሽኗ ጋር ስትሄድ ወለሉ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ከኋለኛው በር አጠገብ፣ ልክ መንኮራኩሩ ባለበት ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ። ወንበር ባዶ ቢሆንም አትቀመጥም። “ማሽኑ የጻፈውን በአጥንቴ ካልሰማሁት እኔም አላምነውም” ትል ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ነበራት፤ ክንዱ የተበላ። ኪሷ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። እያወራች ትቆረጥማለች፤ ስለዚህ ግማሽ ወሬዋ አይሰማም።

አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ አያት ስንሄድ አብሬያት ነበርኩ፤ የጥገና ኃላፊው አብረሃት ሂድ ስላለኝ ነው። ባቡሩ ጢም ብሏል። ፌስታል የያዙ እናት ከላይ ሆነው አዩዋት።

“ልጄ፣ አሞሽ ነው?”

“ደህና ነኝ እማማ። ባቡሩን እያዳመጥኩ ነው።”

“እሱን ነው ያመመው?”

“እሱ ደህና ነው። መንገዱን ነው ያመመው።”

እናትየዋ ትንሽ አሰቡና “መንገዱንማ መች ደህና አድርገውት ያውቃሉ” አሉ። ሰው ሳቀ። ዘንጦ የቆመ ጎረምሳ ደግሞ “እህት፣ መሬት የሚያስቀምጠው ትኬት ይረክሳል እንዴ?” አላት።

“ይወደዳል ወንድሜ፤ ቪአይፒ ነው” አለችው፤ ከስክሪኑ ላይ ቀና ሳትል።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጉርድ ሾላን አለፍን። ጠቋሚ ጣቷን ብድግ አደረገች። አንድ፣ ሁለት እስኪባል ያህል ቆይቶ ፉርጎው ነጠረ። ጣቷን አወረደች። ትንሽ ሄደን ደግማ አነሳች፤ ደግሞ ነጠረ። መንገዱን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። እኔ በእግሬ የማውቀውን በቂጧ ታውቀዋለች፤ ሌላ አነጋገር የለውም። ያን ቀን ቅናት ያዘኝ። እንደ ቅናት ግን አልቆጠርኩትም፤ ንቀት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የሥራ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ማሽኑ ነጠርኩ ያለበትን ቦታ ሌንሴ ጽፋ ለተመልካች ትሰጣለች። ተመልካቹ በነጋታው ሄዶ ያያል። ቅጹ ላይ “ችግር አለ” ወይም “ችግር የለም” ከሚሉት አንዱን ያከብብና ይፈርማል። የማሽኑ ቃል ያለ ተመልካች ፊርማ አይቆጠርም። ክረምቱን እንዲህ ይሞከርና ማሽኑና ተመልካቾቹ ከተስማሙ በሁሉም ባቡሮች ላይ ይታሰራል፤ ካልተስማሙ ይነሳል። የጥገና ኃላፊው ሰብስቦ ሲነግረን አንድ ነገር ጨመረ፤ “ማሽኑ ከተረጋገጠ በእግር የሚሄደው ሰው ቁጥር ይታያል” አለ። ይታያል ማለት ይቀንሳል ማለት እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ለእኔ የምትሰጠኝ ወረቀት በእጅ የተጻፈ ነበር። በእርሳስ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፊ ቦታ የተተወለት። አንድ ቀን የግርማን ወረቀት አየሁት፤ በኮምፒውተር የታተመ፣ ጉንዳን የተራመደበት የሚመስል። ደሜ ፈላ። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

“ማን ነገረሽ?”

“ምኑን?”

“ማንበብ እንደሚከብደኝ።”

“ማንም። ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ነው ጋሽ አስናቀ።”

የግርማ ወረቀት የታተመው በዚያው ጠዋት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስትዋሽ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። በእርሳስ መጻፏንም እስከ መጨረሻው አልተወችም።

ጻድቅ አልነበረችም። ሰላም ሳትል ገብታ ሰላም ሳትል ትወጣለች። ከየካ አባዶ ታክሲ ተሰልፋ ስለምትመጣ ሁሌ ታረፍዳለች፣ አርፍዳም ይቅርታ አትልም። የሰው ምሳ ሳትጠይቅ ትበላና “ገለቶማ” ብላ አመስግና ትሄዳለች። በተለይ በቃል ትከራከራለች። ቅጹን ይዤ ስመጣ “ችግር የለም” ካልኳት ትነድዳለች። “ችግር የለም አይባልም ጋሽ አስናቀ። አላየሁም ነው የሚባለው። ያላዩትን የለም ማለት እንዴት ይቻላል?”

“ቅጹ ላይ አላየሁም የሚል የለም።”

“ቅጹ ይስተካከላል። እርስዎ ግን አላየሁም ይበሉ።”

“እኔ ሐዲድ ስመለከት አንቺ አልተወለድሽም” አልኳት። ሐሰት ነበር። ባቡሩ ራሱ ከእሷ ዕድሜ በብዙ ያንሳል። አፏ ቆሎ ሞልቶ ስለነበር በአፍንጫዋ ሳቀች።

ያ ክረምት ዝናቡ ከባድ ነበር። ከተራሮቹ የሚወርደው ውኃ ቦዩን ሁሉ ሞልቶ ሐዲዱ ሥር ገባ። ከመሪ ጣቢያ ወዲህ፣ ሐዲዱ ትንሽ ጠምዘዝ የሚልበት ቦታ አለ። የሌንሴ ማሽን እዚያ ላይ መጮህ ጀመረ። በእርሳስ ጻፈችልኝ። ሄድኩ። ብሎኑ ጥብቅ ነው። ሐዲዱን መታሁት፤ እንደ ደወል ጮኸ። በሁለቱ ሐዲድ መካከል ያለውን ስፋት ለካሁ፤ ልክ ነው። “ችግር የለም” አከበብኩ፣ ፈረምኩ። በሳምንቱ ደግማ ጻፈች። ደግሜ ሄድኩ፣ ደግሜ ፈረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሷ መጣች።

“ጋሽ አስናቀ፣ ባቡር ሲያልፍበት ቆመው አይተውታል?”

“ባቡር ሲያልፍ እኔ ከአጥር ውጭ ነኝ። ደንቡ ነው።”

“እሱ እኮ ነው ነገሩ። እርስዎ ሁሌ የሚያዩት ባዶውን ነው። ሸክም የሌለበት ሐዲድ ሁሌ ደህና ነኝ ነው የሚለው። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆነን አብረን እንየው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።”

“ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?”

“አይደለም። እንዲያዩልኝ ነው የምለምነው። እኔ ባየው አይቆጠርም፤ እርስዎ ቢያዩት ይቆጠራል።” ድምጿ የለመድኩት ዓይነት አልነበረም። “ይሄ ቦታ ካልተረጋገጠ ያነሱብኛል። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል።”

“አባትሽን ዝም በል በይው” አልኳት። ቅጹን ለሦስተኛ ጊዜ ፈረምኩ።

አየሁት፤ ግን ከእሷ ጋር አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት መሪ ሰፈር ጉዳይ ነበረኝ። ታክሲ ስጠብቅ ከአጥሩ አጠገብ፣ ከዚያች መታጠፊያ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ባቡር መጣ፣ ሰው ሞልቷል። ሐዲዱን የሚሸከሙት የሲሚንቶ አግዳሚዎች አራቱ፣ መንኮራኩሩ ሲደርስባቸው እንደ ደከመ ሰው ደረት ወደ ታች ገቡ። ከጠጠሩ ሥር ግራጫ ውኃ ፊጭ አለ። ባቡሩ ሲያልፍ ተመልሰው ወጡ፤ ምንም እንዳልሆነ ሆነው ተኙ።

ያኔ ገባኝ። ውኃው ከአግዳሚዎቹ ሥር ያለውን ጠጠር በጭቃ አላሽቆ አውጥቶታል። አግዳሚዎቹ መሬት አልነኩም፤ ሐዲዱ ላይ በብሎን ተንጠልጥለዋል። ጠዋት ሐዲዱ ባዶ ሳለ ስመጣ ተንጠልጥለው ልክ ናቸው። ብሎኑም ልክ ነው፣ ድምፁም ልክ ነው፣ ስፋቱም ልክ ነው። ሐዲድ በእግሩ የሚመለከት ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስህተት ነው፤ የምናየው ሁልጊዜ ማንም ሳይኖርበት ስለሆነ። እሷ ወለል ላይ ተቀምጣ ያወቀችውን እኔ በእግሬ ላውቀው አልችልም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ይቅር ይባላል። ቀጥሎ ያለው ስህተት አይደለም።

በነጋታው፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ለግርማ ነገርኩት።

“ሪፖርት እናድርግ እንጂ” አለኝ።

“ሦስት ጊዜ የለም ብዬ ፈርሜያለሁ።”

“ታዲያ በአራተኛው ‘አለ’ በል።”

“በላቸው አንተ። እኔን በውሸቴ፣ አንተን ደግሞ ማሽኑ ይበቃል ብለው ያባርሩናል።”

“ሰው ካለቀ ግን?”

“ማንም እንዳያልቅ አይደል የመጣነው? ያዝ ክሪኩን።”

ሐዲዱን በክሪክ ትንሽ ብድግ አደረግነው። ጭቃውን ጠርገን አወጣን፤ ደረቅ ጠጠር ጨመርን፤ ከአራቱም አግዳሚ ሥር በዲጂኖ ጠቀጠቅነው። ጠንክሬ ሠራሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ የጠቀጠቅኩት ቦታ የለም። የመጀመሪያው ባቡር ከመምጣቱ በፊት ላያችንን ጠርገን ሄድን። ሥራ መዝገቡ ላይ አልጻፍነውም። ሐዲዱ ዳነ፣ እኔም ዳንኩ፣ አበቃ ብዬ አሰብኩ። ማሽኑ የዳነውንም ሐዲድ እንደሚሰማ አላሰብኩም።

የማሽኑ ጉዳይ የሚወሰንበት ስብሰባ በሳምንቱ ነበር። ሌንሴ መስመሩን ግድግዳው ላይ በብርሃን አሳየች። ለሳምንታት እየዘለለ የመጣ መስመር። ከዚያ ከአንድ ጠዋት ጀምሮ ዝም ያለ፣ የተኛ።

ኃላፊው አየውና “ይሄ ምንድነው?” አላት።

“ከሐሙስ ጀምሮ ቦታው ተሽሎታል።”

“በራሱ?”

“በራሱ አይሻለውም። የሆነ ሰው ነክቶታል።”

ኃላፊው የሥራ መዝገቡን ገለጠ። ሐሙስ ባዶ ነው። ወደ እኔ ዞረ። “አስናቀ፣ ቦታው ያንተ ነው። ነክተኸዋል?”

ግርማ መሬት መሬት አየ። ሌንሴ እኔን አየችኝ። በዚያች ሰዓት አዎ ብል ማሽኑ ትክክል ብቻ ሳይሆን ከተባለለትም በላይ ትክክል ነበር፤ የእጄን ሥራ እንኳ ለይቶ አውቋል።

“አልነካሁም” አልኩ።

“ስለዚህ ማንም ያልነካው ሐዲድ ሦስት ሳምንት ታሞ በአራተኛው ብድግ አለ” አለ ኃላፊው። ሰው ሳቀ። “እንዲህ ዓይነት ማሽን አምነህ ሰው ጫን ነው የምትሉኝ?” ወረቀቱን ገፋልኝ። ተመልካቹ ቦታውን በተደጋጋሚ አይቶ ችግር አላገኘም፤ ጥገናም አልተደረገበትም ይላል። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ፈረምኩ።

 የሌንሴ ያ ሁሉ ክርክር የት እንደገባ አላውቅም። ላፕቶፑን ዘጋች።

ከስብሰባው በኋላ ከዴፖው ጀርባ ቧንቧው ጋ እጄን ስታጠብ መጣች። መጮኋ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

“ማን ጠቀጠቀው ጋሽ አስናቀ?”

“እግዜር።”

“እግዜር ዲጂኖ ይዞ አይቼ አላውቅም” አለች። ቆሎ ከኪሷ አውጥታ ጥቂት ሰጠችኝ፤ እርጥብ እጄ ላይ። “ግን ጥሩ አድርጎ ነው የጠቀጠቀው። መስመሩን አዩት አይደል? ፀጥ አለ። እኔማ ባቡሩ እዚያ ባለፈ ቁጥር የተሳፈረውን ነበር የማየው። ያ ሁሉ ሰው።”

 እንድናገር የቆመች ይመስለኛል። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ቆሎውን ቆረጠምኩ፣ ሄድኩ።

ሴንሰሮቹን ራሷ ፈታቻቸው። ፉርጎው ሥር በጀርባዋ ተኝታ “አሥራ ዘጠኝ” ስትል ከውጭ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ሰነድ ክፍል መደቧት፤ የድሮ ፋይል ስትደረድር ትውላለች። ግርማ እንደነገረኝ ኦቦ ቱፋ በር ላይ ሰው ማቆም ትተዋል። ሰው ነው አሁን እሳቸውን የሚያቆማቸው፤ “ኦቦ፣ ያቺ ማሽን እንዴት ሆነች?” እያለ። የሰፈር ሰው ቀልድ አያልቅበትም።

አንዴ ባቡር ውስጥ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም። እንደ ሌላው ሰው ቆማለች፣ የላይኛውን ብረት ይዛ፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ጉርድ ሾላን ስናልፍ ዓይኗ ተጨፈነ። ብረቱን ከያዘው እጇ ላይ አንዲት ጣት ተነሳች። ፉርጎው ነጠረ። ጣቷ ተመለሰች። ልጥራት ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ሲኤምሲ ላይ ወረደች። ክረምት መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ መጣ። እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ክረምት አለፈ። ሰው ጊዜ ያለው ይመስለዋል፤ እኔ ደግሞ ጊዜ ያላት መስሎኝ ነበር። ወጣት ናት ብዬ።

በሠልስቷ ልቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ በሁለት ሕንፃ መካከል ተጥሏል። አግዳሚ ወንበር ላይ ከግርማ ጎን ተቀመጥኩ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከፊት ለፊታችን ነበሩ፤ ኃላፊውም አለ፣ ጥቁር ከረባት አድርጎ። ኦቦ ቱፋ ረጅም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለእያንዳንዱ እየተነሱ “እግዜር ያጥናዎት” የሚለውን ይቀበላሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“አንተም ከባቡር ነህ?”

“አዎ። ሐዲድ ተመልካች ነኝ። አስናቀ እባላለሁ።”

ስሜን ሰምተው ፊታቸው አልተለወጠም። አጠገቤ ተቀመጡ።

“እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝ” አሉ። “ልጄ ያን ማሽን ስትሠራ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፌን መያዝ ነበረብኝ። ሲዘጋ ‘ማሽኑ ዋሸ’ አሉኝ። እሷ ‘አልዋሸም አባ’ አለችኝ። እኔ በሬ አውቃለሁ፣ መሬት አውቃለሁ። ማሽን አላውቅም። ልጄ ስለሆነች አመንኳት። ልጄ ስለሆነች ማመን ደግሞ ማወቅ አይደለም። አንተ ሐዲዱን ታውቃለህ። ዋሽቷል?”

ኃላፊው ቀና አለ። አላውቅም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጡረታዬ ቀርቧል። ልጆች አሉኝ።

“አልዋሸም” አልኩ።

“ታዲያ ለምን ዘጉት?”

“የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

ነገርኳቸው። አግዳሚዎቹን፣ ክሪኩን፣ ዲጂኖውን፣ ወረቀቱን።  ስጨርስ ግርማ “ክሪኩን የያዝኩት እኔ ነኝ ኦቦ” አለ። ኃላፊው ከረባቱን ነካካ።

 “ለእሷ ነግረሃታል?” አሉኝ ኦቦ ቱፋ።

“አልነገርኳትም።”

“ታውቅ ነበር” አሉ። “‘አንድ ሰው ጠጠሩን ጠቅጥቆታል አባ፣ ጥሩ አድርጎ’ አለችኝ። ማነው ስላት ስሙን አልሰጠችኝም። ሦስት ክረምት ጠየቅኳት። ሆስፒታል ተኝታም ጠየቅኳት። ‘ልጆች አሉት’ አለችኝ።”

 “ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“ይቅርታው የእሷ ነው። ከሰው ጎተራ እህል አውጥቼ አልሰጥም።” ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “በአርባው ዘመድ ሁሉ ከያለበት ይሰበሰባል። የሰፈሩም ሰው ይመጣል። መጥተህ አሁን እንደነገርከኝ ትናገራለህ። እዚህ በተቀመጠው ፊት ብቻ አይበቃም። የእናቷ ወገን አማርኛ አይሰማም፤ ለእነሱ እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“እሺ” አልኩ።

በነጋታው ኃላፊው ቢሮ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። “ልቅሶ ላይ ሰው ብዙ ይናገራል” አለኝ። “ልቅሶ ላይ የተባለ ልቅሶ ላይ ይቅር። አርባው ላይ ከደገምከው ግን ያ ወረቀት ከፋይሉ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ የአንተን ነገር እኔ ልይዘው አልችልም። ሽማግሌ ሰው ነህ፣ አስብበት።”

“አስቤበታለሁ” አልኩት።

አርባው የፊታችን እሑድ ነው። ግርማ ቀድሞ ሄዶ ወንበር ይደረድራል። የምለውን ጻፍኩት፣ በእርሳስ ሳይሆን በብዕር፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ዝም እላለሁ፣ ወደ ኦሮምኛ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፣ ቀጣዩን እላለሁ። የሚመልሱት አባቷ ናቸው።